መኪናዋ የቆመችበት ደጅ

የካቲት 2፣ እሑድ ማታ

ዛሬ ሠልስቱ ወጣ። ድንኳኑ ነገ ይነሳል። ሰዉ ሁሉ ሄዶ ቤቱ ጸጥ ሲል እንደ ልማዴ የዋልኩበትን ለባለቤቴ ለዓለምፀሐይ ልነግራት ወደ አልጋው ዞርኩ። ከማን ቀብር እንደመጣሁ፣ ማን ከልቡ እንዳለቀሰ፣ ማን እንደቀረ ማታ ማታ የምትሰማኝ እሷ ነበረች። አሁን የምነግረው ሰው ስለሌለ እጽፋለሁ።

ዓርብ የሆነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

የእድራችንን የአስከሬን መኪና የምነዳው እኔ ነኝ። ለገዛ ሚስትህማ አትነዳም ብለው ቶለሳ የሚባለውን ተተኪዬን አስነዱት፤ እኔ ጎኑ ተቀመጥኩ። ከዊንጌት ጀርባ ከሰፈራችን ተነስተን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደውን ዳገት በእግረኛው ልክ፣ በአንደኛ ማርሽ ወጣን። ዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ሞተሩ ጠፋ። ቶለሳ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ። ማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል፤ ሞተሩ አይነሳም። ቀና ብዬ ሳይ የቆምነው ለሜሳ ጎማ ከሚጠግንበት ጎሚስታ ፊት ለፊት ነው። የልጄ የሩታ ደጅ ማለት ነው።

ሩታ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ቀለበት ታስሮ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው አላገባም አለች። ቆይታ ከለሜሳ ጋር መኖር ጀመረች። እናቷ «ሬሳዬንም እንዳታይ» አለች። ከዚያ ወዲህ በአንድ ዳገት ላይና ታች እየኖሩ ቃል አልተለዋወጡም። እኔም ዓለምፀሐይን ላለማስቀየም የልጄን ደጅ ረግጬ አላውቅም።

ወደ ለቅሶው ልትመጣ አልደፈረችም። መኪናዋ ስትቆም ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከበሩ ወጣች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። የኋላውን በር ከፈቱላት፤ ሳጥኑ ላይ ተደፋች። ምን እንዳለች አልሰማሁም። ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ሴቶች ደግፈው አነሷት፣ በሩ ተዘጋ፣ ቶለሳ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ በአንዴ ተነሳ።

«ልጇን ሳትታረቅ አልሄድም አለች» ሲሉ በመስኮቱ ሰማሁ። ወንዶቹም ሴቶቹም አሉ። ቶለሳ አማተበ። ሩታ ከመኪናዋ ኋላ እስከ መቃብሩ በእግሯ መጣች።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት አለች፤ የሞተር ምልክት። ከገና ጀምሮ ትበራለች፣ ትጠፋለች። ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ቤዛብሕ ነግሬው ነበር። አንዴ። ከዚያ ዓለምፀሐይ ጠናባት፤ መብራቷን ረሳኋት።

ዓርብ ዳገቱን ስንወጣ በርታ ነበር። ቶለሳ አላያትም። እኔ አይቻታለሁ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ሩታ በየቀኑ ትመጣለች። ጠዋት ለሜሳን ወደ ሥራው ታሰናብትና ቁልቁል ትወርዳለች። የእናቷን ልብሶች አጣጥፋ በሻንጣ አስቀመጠች። ሽሮ ሜዳ የተገዛውን፣ ዓለምፀሐይ ለሰርጉ ብላ አሠርታ ያልለበሰችውን ቀሚስ ስታገኝ ለብቻው አደረገችው። 

ከምሳ በኋላ በእናቷ አልጋ ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። ጋቢ ደረብኩባት። ስትነቃ እንዲህ አለችኝ፤ «አባዬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የተረገምኩ ነኝ እያልኩ ነው የኖርኩት። ልጅ ያልያዝኩትም በእሷ ቃል ይመስለኝ ነበር። ሌሊት እነቃለሁ። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ተኛሁ።»

እግዚአብሔር ይመስገን አልኳት። ሌላ ምን ይባላል።

መጀመሪያ ጎረቤቶች ሲሉት ሰምቼ ነበር፤ አሁን ራሷ ትናገረዋለች፦ እናቴ ደጄ ድረስ መጥታ ታረቀችኝ። ስትናገረው ፊቷ የልጅነት ፊቷን ይመስላል።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ቶለሳ መሪውን አልነካም ብሏል። መኪናዋ ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ እኔ ልጆች አሉኝ ይላል። ስለዚህ ሐዘኔ ሳይወጣ ወደ ሥራ ተመለስኩ።

ዛሬ ወደ ሸፊ ጋራዥ ወሰድኳት። ሸፊ ጥሩ ልጅ ነው፤ ወሬው ከሥራው ይበልጣል እንጂ። ኮምፒውተሩን ሰካ። ሞተሩ መዞሩን የሚለካው ሴንሰር ምልክት ያቋርጣል የሚል ቁጥር መጣ። ሴንሰሩን ፈትቶ በመለኪያው ለካው። ደህና ነው አለ። «ጋሽ ወልዱ፣ ኮምፒውተርም እንደ ሰው ይሳሳታል። ቤንዚኑ ነው ቆሻሻ።» ፊልትሮውን ቀየረ፣ ካንዴላዎቹን ቀየረ፣ ቁጥሩን አጠፋው። መብራቷ ጠፋች። እስከ ዊንጌት ደርሼ ተመለስኩ፤ እንደ አዲስ ትሄዳለች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሴንሰሩ ደህና ነው ሲል ግን ደስ ያለኝ በሌላ ምክንያት ነው። ይህን አልጽፈውም።

የካቲት 19፣ ረቡዕ ማታ

ዛሬ ቦናን ቀበርን። ሠላሳ ያልሞላው ልጅ፣ በጉበት በሽታ። ቀድሞ ከሩታ ደጅ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ባለው በሙዘይን ሱቅ ይሠራ ነበር። አምና ተጋጩና ሙዘይን አሰናበተው።

እየነዳሁ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እናትየው መራመድ ስላልቻለች ሰልፉ ሲቆም እቆማለሁ፣ ሲሄድ እሄዳለሁ። ቢጫዋ መብራት በራች። ትንሽ እንደሄድን ሞተሩ ጠፋ። ቀና ሳልል የት እንደቆምኩ አውቄው ነበር። የሙዘይን ሱቅ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ሱቁ ዞረ።  ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሙዘይንን ውጣ አለው። ሙዘይን የሚመዝነውን ስኳር አስቀምጦ ወጣ፤ ኮፍያውን አስተካከለ። የዚሁ እድር አባል ነው፤ ሚስቴን ሲቀብሩም ጉድጓድ ቁፋሮው ላይ ነበረ። እጁን ሳጥኑ ላይ አድርጎ፣ ማንም ሰው ለማንም ሟች እንደሚለው፣ «ቦናዬ፣ ያስቀየምኩህ ነገር ካለ ይቅር በለኝ» አለ። ቆመን ጠበቅን። የቦና እናት ታለቅሳለች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳ።

ከኋላዬ አንዱ «አየህ? አመነ» አለ።

የካቲት 20

ሸፊ ስልክ አያነሳም። ሩታ ሽሮ ሠርታ ሄዳለች። አልበላሁም።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ሱቁ በር ላይ ሌሊት ቆሻሻ ደፍተውበታል። ሚስቱ ጀዊሪያ ስትጠርግ አገኘኋት። አንገቷን ሳታነሳ ሰላምታዬን መለሰች። ድሮ ጠዋት ለዳቦ የሚሰለፈው ሰው አሁን ታች ካለው ሱቅ ይገዛል። ልጁን አባሮ በረሃብ ገደለው ይላሉ። አንዱ መርዝ የሚል ቃልም ተናግሯል ሲባል ሰማሁ። ቦና እኮ በጉበት ነው የሞተው፤ ሆስፒታል ያመላለስኩት እኔ ነኝ።

ሙዘይን ገብቼ ሻይ ቅጠል ስጠይቀው ሳቀ። «ወልዱ፣ አንተ ደፋር ነህ። ቤቴ የገባ ሁሉ መኪናህ ደጁ ትቆማለች አሉኝ።» ከዚያ ሳቁን አቆመና ቦናን ያሰናበትኩት እቃ አጉድሎብኝ ሳይሆን አንድ ጧት አርፍዶ በመምጣቱ ብቻ ነው፣ ክፉ ቃልም ተናግሬዋለሁ አለኝ። ስለዚህ ነው ይቅርታ የጠየቅኩት፤ እንዲህ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም አለ።

ሂሳቡን ከፍዬ ወጣሁ። ማለት የምችለው ነገር ነበር።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ሸፊን ዛሬ ያዝኩት። ባዶዋን በፍጥነት ስነዳት ፈጽሞ አትጠፋም፣ ሬሳ ስጭን ብቻ ነው አልኩት። ኮፈኑን እንደከፈተ አሰበ። «ባዶዋን እንደ ቀብር ቀስ ብለው ነድተዋት ያውቃሉ?» አለኝ። አላውቅም። እንግዲያው ዛሬ እንቅበር አለ፤ ከኋላ ገብቶ ተቀመጠ። ሬሳው እኔ ነኝ፣ ቀስ ብለው ይንዱ አለኝ።

ዳገታችንን አልወጣሁም። ለምን እንደሆነ ሸፊ አልጠየቀኝም። ወደ እጽዋት ማዕከሉ በሚወስደው መንገድ፣ በቀትር፣ በአንደኛ ማርሽ፣ እየቆምኩ እየተነሳሁ ወጣሁ። መብራቷ በራች። ሞተሩ ጠፋ።

ሸፊ ወርዶ ከሥሩ ገባ። ሴንሰሩ ከሞተሩ ሥር፣ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ነው። «እሳት ሆኗል» አለ። ሲሞቅ ምልክት መስጠት ያቆማል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ባለፈው ቀዝቅዞ ስለለካሁት ነው ደህና ያልኩት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ማረጋገጥ ይፈልጋሉ ብሎ የመጠጥ ውሃውን ሴንሰሩ ላይ አፈሰሰ። እንፋሎት ወጣ። «ያዙሩት።» አዞርኩት። ተነሳ።

ይህ ነው። ቀስ ብሎ በዳገት ሲሄድ ይሞቃል፤ ሰው እስኪያለቅስ፣ ይቅርታ እስኪጠይቅ ይቀዘቅዛል። ከሰፈራችን ሲነሳ የሚሞቅበት ቦታ ሁልጊዜ ያው የዳገቱ ወገብ ነው። ሩታም ሙዘይንም የሚኖሩት እዚያ ነው።

ከመኪናዋ ወርጄ የቆምንበትን አየሁ። በግራ ባሕር ዛፍ፣ በቀኝ ባሕር ዛፍ። ማንም አልበደለም፣ ማንም አልታረቀም።

ሸፊ ከመርካቶ ሌላ ሴንሰር ያመጣል። እስከዚያ ለማንም እንዳትናገር አልኩት። ለምን ሲለኝ እኔ ራሴ ለእድሩ ሪፖርት አደርጋለሁ አልኩ።

መጋቢት 1፣ ሰኞ ማታ

አልተናገርኩም። ዛሬም፣ ትናንትም።

ሩታ ለአርባው እየተዘጋጀች ነው። ጾም ስለሆነ ምን እንደሚቀርብ፣ የትኞቹን ካህናት እንደምንጠራ ታማክረኛለች። ከለሜሳ ጋር መጥተው ጣሪያውን አበጁልኝ። ለሜሳ ከእኔ ጋር አፉን ፈቶ ሲጫወት ይህ የመጀመሪያው ነው። ሲስቅ ሰውነቱ ሁሉ ይስቃል። ይህን ሰው ሦስት ዓመት በሩቁ አየሁት።

አመሻሹ ላይ ሩታ «እማዬ በመጨረሻ ጊዜ ስለ እኔ አንስታ ነበር አይደል?» አለችኝ። ደክማ ነበር፣ ብዙ አትናገርም ነበር ብዬ አለፍኩት።

እዚህ ላይ ቢያንስ እውነቱን ልጻፍ። ከመሞቷ በፊት ባለው እሑድ ልጥራት ወይ ብዬ ዓለምፀሐይን ጠይቄአታለሁ። ሰምታኛለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም አልጠራኋትም።

ያ ሴንሰር ባይሞቅ ኖሮ ልጄ ዛሬ ቤቴ አትገባም ነበር።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ሙዘይን ሱቁን ሊዘጋ ነው። ወንድሙ ዘንድ ወደ አየር ጤና እንሄዳለን አለ። እዚህ ተወልዶ እዚህ ያደገ ሰው። ጀዊሪያ መደርደሪያውን ስታራግፍ አየኋት።

ልጁ ጀና ከትምህርት ቤት ቀርታለች። የአባትሽ ደጅ ሬሳ ያቆማል ብለዋታል።

እሑድ የእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ነው። እናገራለሁ።

ለሜሳም አባል ነው። ስብሰባው ላይ ይኖራል።

ቅዳሜ ሩታን አስቀምጬ አስቀድሜ ልንገራት? አሰብኩበት። መጋቢት 8 አርባው ነው። አርባውን አውጥታ ብትሰማው። ሙዘይን ግን እስከዚያ ይሄዳል።

መጋቢት 6

ሩታ መጣች። አልነገርኳትም። ምስሩን ስትለቅም አብሬያት ለቀምኩ።

መጋቢት 7፣ እሑድ ማታ

ሸፊን ይዤው ሄድኩ። አሮጌውን ሴንሰር በእጄ ይዣለሁ፤ የአውራ ጣት የምታህል ጥቁር ነገር። ተነስቼ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ከገና ጀምሮ መብራቷን እንዳየሁ፣ በጊዜው እንዳላሠራሁ፣ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የሙዘይን እንዳልሆነ። ሸፊ አንድ ማሰሮ ፍል ውሃ አስመጥቶ ሴንሰሩን ነከረው፤ በመለኪያው አሳየ። በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ደግሞ አሳየ። ሰዉ እየተጋፋ አየ።

አቶ ቤዛብሕ ቶሎ አላመነም። ታዲያ ይቅርታ ሲጠይቅ ለምን ተነሳ አለ። እስኪጠይቅ ስለቀዘቀዘ ነው አልኩት። ባይጠይቅም ይነሳ ነበር፣ ብትዘፍኑለትም ይነሳ ነበር አለ ሸፊ። ጥቂቶች ሳቁ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው ሙዘይንን እጁን ያዙት።

አበቃ ብዬ ልቀመጥ ስል ከኋላ አንዲት ሴት ጠየቀች። በክፋት አልነበረም። «የዓለምፀሐይስ? የእሷም እንዲሁ ነው?»

ለሜሳ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ያየኛል። አይ፣ የእሷ የተለየ ነው ማለት እችል ነበር። ግን አንድ ሴንሰር፣ አንድ መኪና፣ አንድ ዳገት። የእሷ የተለየ ነው ካልኩ የሙዘይንም ሊለይ ይችላል።

«እንዲሁ ነው» አልኩ።

ለሜሳ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። ስወጣ አጣሁት።

ሙዘይን ግን ውጭ ጠበቀኝ። አመሰግናለሁ ይለኛል ብዬ ነበር። እጄን ይዞ «ልጅህስ?» አለኝ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ ማታ

አርባው ወጣ። ሩታ ከሁሉ ቀድማ ቤተ ክርስቲያን ተገኘች። ፍትሐቱን እስከ መጨረሻ ቆማ ሰማች። እቤትም ካህናቱን አስተናገደች፣ ውሃ አስታጠበች፣ ምንም አላጎደለችባቸውም። ፊቷን ላነብ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

የመጨረሻው እንግዳ ሲሄድ እጇን አድርቃ ፊቴ ተቀመጠች። ስለ መኪናዋ አልጠየቀችም። ትወቅሰኝ ይሆናል ብዬ የተዘጋጀሁት ስለ መኪናዋ ነበር።

«አባዬ፣ ከመሞቷ በፊት ጠርታኝ ነበር?»

አዎ አልኳት። ስምሽን ጠርታለች።

«ምን ብላ?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። በሕይወቴ የሰማሁትን ደግሜ አውርቼ እንጂ ፈጥሬ አላውቅም። ዓለምፀሐይ ልትል የምትችለውን አንድ ቃል ፈለግኩ። ለአፏ የሚመጥን አጣሁ። ሩታ ጠበቀችኝ። ደህና አድርጋ ጠበቀችኝ። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፣ ሳህኖቹን ወደ ቦታቸው መለሰች፣ መጥረጊያውን በሩ ኋላ አቆመች። ስትወጣ ጉንጬን ሳመችኝ።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ሸፊ አዲሱን ሴንሰር ገጠመ። መብራቷ አትበራም።

ጀዊሪያ መደርደሪያውን መልሳ ሞልታለች። ለዳቦ የተሰለፉ አየሁ።

ሩታ ማክሰኞም ረቡዕም አልመጣችም። ትናንትም። ዛሬም። አሟት ይሆናል። ለሜሳን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ደህና ናት አለኝ። ትተኛለች ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «አትተኛም» አለ። እንደ ሁልጊዜው ጋሼ ሳይለኝ ሄደ።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ዛሬ ቀብር ነበር። አንዲት አሮጊት፤ ዕድሜ ጠግበው። ዳገቱን ያለ ችግር ወጣን። ሙዘይን ከሱቁ ወጥቶ ኮፍያውን አወለቀ። ወደ ጎሚስታው ስንቃረብ ቶለሳ ከጎኔ ተቀምጦ ነበርና ትንፋሹን ያዘ። መኪናዋ አለፈች። «ተገላገልን» አለ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ከሰዓት በኋላ በእግሬ ወጣሁ። ለሜሳ የከባድ መኪና ጎማ እየነቀለ ነበር። አየኝና ሥራውን አላቆመም፤ በርጩማ ግን በእግሩ ወደ እኔ ገፋልኝ። ተቀመጥኩ። ልጥራልህ አላለኝም፣ ሂድም አላለኝም።

ጥላው ሲረዝም ሩታ ወጣች። ከስታለች። ከበሩ ሳትርቅ ቆመች።

እንዴት ነሽ አልኳት። ደህና ነኝ አለች። ማንም አልላከኝም፣ በእግሬ ነው የመጣሁት፣ ቤትሽን ላይ ብዬ ነው አልኩ። የተሰናዳሁት ይህን ያህል ነበር። ከዚያ እናትሽ ግትር ነበረች እንጂ ትወድሽ ነበር አልኳት። አቋረጠችኝ፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«እሷስ እሺ። ታማለች፣ ምላለች፣ ቃሏን ይዛ ሞታለች። አንተ ግን አባዬ፣ ሦስት ዓመት በዚህ ደጅ ስንት ጊዜ አልፈሃል? ስንት የሰው ሬሳ ይዘህ፣ ስንት ጊዜ ባዶህን? መኪናዋ ተበላሽታ ካልሆነ አንድ ቀን እንኳ አልቆምክም።»

ለሜሳ መዶሻውን አስቀመጠ።

 ትንሽ ቆማ ገባች። እስኪመሽ ተቀመጥኩ፤ ለሜሳ ጎማዎቹን አስገባ፣ እኔ ቁልቁል ወረድኩ።

ልክ አይደለችም ማለት አልችልም። ስናልፍ ሁልጊዜ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ከደጅ ትወጣ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ፣ በሩን ተደግፋ ትቆም ነበር። እያየኋት አልፍ ነበር።